የአብራሪ ደመወዝ በምን ይመዘናል? ፔይስሊፕ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) መለጠፍስ ያስፈልጋል ወይ?

ጥያቄ፦ «ቦይንግ 737 ላይ ረዳት አብራሪ ነኝ፤ የምሠራው ከአዲስ አበባ ነው። ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች አንድ አየር መንገድ ኦፈር ልኮልኛል። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ እንደሚከፈል እየነገረኝ ልቤን ከፍሎታል። ሦስቱን በአንድ ሚዛን እንዴት ላስቀምጣቸው? የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁሉም ኮንትራቱንና ፔይስሊፑን እየለጠፈ ነው፤ እኔም ባለፈው ሳምንት የራሴን ለጥፌያለሁ። ችግር ያመጣብኛል?»

መልስ፦

ሰላም። ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምር፤ እሱ ፋታ አይሰጥም። የለጠፉትን ፔይስሊፕ አሁኑኑ ያጥፉት። ቴሌግራም የራስን መልእክት ከግሩፕ ውስጥ ለሁሉም አባል ማጥፋት ይፈቅዳል፤ ሳምንት ማለፉ አያግድም። ሌላ ሰው ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላለፈው ወይም ስልኩ ላይ ያወረደው ግን አይጠፋም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደነበረ አንድ በአንድ ይቁጠሩ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነበረበት? ቁጥሩ ብቻውን ገንዘብ አያስወጣም፤ ነገር ግን ስምዎን፣ የሥራ ቦታዎንና የደመወዝዎን ልክ እየጠራ «ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» ለሚል አጭበርባሪ ትልቅ ስንቅ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ዘግተው ራስዎ ወደ ባንኩ ይደውሉ። የሠራተኛ መለያ ቁጥርዎ የኩባንያው ፖርታል መግቢያ ስም ከሆነ የይለፍ ቃሉን ዛሬ ይቀይሩ፤ ያው የይለፍ ቃል ኢሜይልዎ ላይም ካለ እሱንም።

ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። ደመወዝ ለማወዳደር የሚያስፈልገው አሥር አሥራ ሁለት ቁጥር ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። ቁጥሮቹ የትኞቹ እንደሆኑ ሲታወቅ፣ ማንም ፔይስሊፑን መለጠፍ እንደማያስፈልገው አብሮ ይታወቃል።

የአክስትዎ ልጅ የነገረዎት ቁጥር እውነት ሊሆን ይችላል። «ሰዓት» የሚለው ቃል ግን በአብራሪ ኮንትራት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ሰዓት አይደለም። ብሎክ ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑ ለበረራ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ቅጽበት አንስቶ አርፎ መቆሚያው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ። ፍላይት ፕላን ያነበቡበት፣ ዙሪያውን እየዞሩ አውሮፕላኑን የፈተሹበት፣ ተሳፋሪ እስኪገባ የጠበቁበት፣ በሁለት በረራ መካከል የተቀመጡበት ጊዜ በአብዛኛው እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በአሜሪካ ደንብ አንድ የአየር መንገድ አብራሪ በ365 ተከታታይ ቀናት ከ1,000 የበረራ ሰዓት፣ በ672 ተከታታይ ሰዓታት፣ ማለትም በ28 ቀን፣ ከ100 የበረራ ሰዓት በላይ መብረር አይችልም። ስለዚህ ለስሌት ያህል በሰዓት 120 ዶላር ብንይዝና እንደ ቢሮ ሠራተኛ በወር በ160 ብናባዛው የሚመጣው 19,200 ዶላር በየትኛውም ኮክፒት ውስጥ የሌለ ገንዘብ ነው። ትክክለኛው መነሻ ኮንትራቱ በወር ዋስትና የሚሰጠው ዝቅተኛ ሰዓት ነው፤ በብዙ ኩባንያ ከ70 እስከ 80 ባለው መካከል ይሆናል። 75 ብለን 120 × 75 × 12 ስናደርግ በዓመት 108,000 ዶላር፣ በወር 9,000 ይመጣል። ከመጀመሪያው ግምት ግማሽ አይሞላም።

በዚህ ብቻ ቢቆሙ ግን በሌላው አቅጣጫ ይሳሳታሉ፤ የሚከፈለው ሰዓት ሎግቡክ (የአብራሪው የበረራ መዝገብ) ላይ ከሚጻፈው ሊበልጥ ይችላልና። የአሜሪካ ኮንትራቶች «ሪግ» የሚሉት ስሌት አላቸው። አራት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ወጥተው 18 ሰዓት ብቻ በረሩ እንበል፤ ከቤዝዎ (ከመነሻ ጣቢያዎ) የራቁበት ጊዜ 80 ሰዓት ነው። ኮንትራቱ ለእያንዳንዱ 3 ሰዓት ተኩል መራቅ 1 ሰዓት ይከፍላል ካለ፣ 80 ለ3.5 ሲካፈል 22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይሆናል። ለአንድ የሥራ ቀን በትንሹ 5 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚል አንቀጽም ካለው በአራት ቀን 21 ሰዓት ነው። ከሦስቱ ትልቁ ይከፈላል፤ 18 በርረው የ22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ሒሳብ ይወስዳሉ። ሪግ የሌለው ኩባንያ ያንኑ የሰዓት ዋጋ ቢጠራም በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ የሚከፍለው ከዚህ አምስት ሰዓት ያህል ያነሰ ነው። ሰው ሁሉ የሰዓት ዋጋ ሲለጥፍ ሪጉን የሚጠቅስ አለመኖሩ በጣም ያሳስባል፤ ዓመታዊውን ገቢ ወዲህና ወዲያ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለአክስትዎ ልጅ አራት ጥያቄ ይላኩለት፦ ቁጥሩ የስንተኛ ዓመት አገልግሎት ነው? የየትኛው አውሮፕላን? የካፒቴን ነው የረዳት? ከየትኛው ቀን ጀምሮ የጸና? የትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ሰንጠረዥ በአገልግሎት ዓመት እያደገ እስከ 12ኛው ዓመት ይሄዳል። ሲኒየሪቲ (በአገልግሎት ዘመን የሚገኝ ቅድሚያ) ደግሞ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ አይሸጋገርም፤ ሌላ ቦታ ሃያ ዓመት የበረረ ካፒቴንም ሲገባ ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከአንደኛ ዓመት ደመወዝ ይጀምራል። ቀኑንም በጥብቅ ይያዙት። በ2023 (ከአዋጅ ቁጥሮቹና «ዓ.ም.» ካልኩት በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዴልታ፣ ዩናይትድና አሜሪካን ሦስቱም ከአብራሪዎቻቸው ጋር አዲስ ውል ስለፈረሙ ከዚያ በፊት የተጻፈ ሰንጠረዥ ዛሬ ዋጋ የለውም፤ በዚያ ዓመት የወጣ ፔይስሊፕ ላይም ወደኋላ ተቆጥሮ የተከፈለ ውዝፍ ሊኖርበት ይችላል። ዴልታ የትርፍ ድርሻ የሚከፍለው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ የዚያን ወር ወረቀት አይቶ በ12 የሚያባዛ ሰው ሕልም ያሰላል። ከአሜሪካ ፔይስሊፕ ሁሉ የሚታመነው የዲሴምበር የመጨረሻው ነው፤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተጠራቀመውን ድምር የሚያሳየው አምድ የዓመቱን እውነት በአንድ መስመር ይናገራልና።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል ይቀነሳል። ይጨመራል የምለው ኩባንያው ፎር ኦ ዋን ኬ ለሚባለው የጡረታ ቁጠባ በራሱ የሚያስገባው ነው፤ 16 በመቶ ቢሆን ከ108,000 ላይ 17,280 ዶላር ማለት ነው። እጅ ላይ ባይደርስም ደመወዝ ነው። ይቀነሳል የምለው ደግሞ የፌዴራል ግብር፣ 7.65 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ (የሶሻል ሴኩሪቲው ድርሻ በዓመት ጣሪያ አለው) እና እንደየስቴቱ የሚለያየው ግብር ነው፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳና ዋሽንግተን ስቴት በደመወዝ ላይ አይጥሉም። ከሁሉ በፊት ግን የሥራ ፈቃዱ አለ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ከሌለዎት የአሜሪካው ቁጥር በሚዛኑ ላይ አይቀመጥም። ካለዎት ደግሞ ፈቃድዎን ወደ አሜሪካው ኤቲፒ (ከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ) ማዞር ያስፈልጋል፤ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ከተከሰከሰ በኋላ በ2013 የጸናው ደንብ ለረዳት አብራሪም ኤቲፒ ይጠይቃል፤ መደበኛው መስፈርት 1,500 የበረራ ሰዓት ነው።

የኤምሬቶቹ ኦፈር ወጥመድ ሌላ ነው። እዚያ የሚያሳስተው ሰዓቱ ሳይሆን ድምሩ ነው። ቁጥሮቹን ለማሳያ እይዛለሁ፤ በኦፈርዎ ላይ ባሉት ይተኳቸው። መሠረታዊ ደመወዝ 18,000 ድርሃም፣ የበረራ ክፍያ በሰዓት 60 ድርሃም ሆኖ በወር 80 ሰዓት፣ ማለትም 4,800፣ የቤት አበል 12,000። በወር 34,800 ድርሃም ነው። በ12 ሲባዛ 417,600፤ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ 113,700 ዶላር ገደማ። ግሩፕ ላይ «ከግብር ነጻ» ተብሎ የሚዞረው ይህ ቁጥር ነው።

አሁን እንበልተው። የበረራ ክፍያ ሲበርሩ እንጂ ፈቃድ ላይ ሲሆኑ አይከፈልም፤ ስለዚህ በ11 ወር ያባዙ፤ 52,800። የቤት አበሉ በዓመት 144,000 ነው፤ ለቤተሰብ የሚሆን ቤት 130,000 ከፈጀ የሚተርፍዎት 14,000 ብቻ ነው። ሁለት ልጆች ካሉዎትና ትምህርት ቤቱ 84,000 ጠይቆ ኩባንያው እስከ 60,000 ብቻ ከከፈለ 24,000 ከኪስዎ ይወጣል። 216,000 መሠረታዊ፣ ሲደመር 52,800፣ ሲደመር 14,000፣ ሲቀነስ 24,000፤ 258,800 ድርሃም ይቀራል። በመጨረሻ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ይጨመራል። በ2021 በወጣው የኤምሬቶች የሥራ ሕግ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰብለታል፤ ጠቅላላው ከሁለት ዓመት ደመወዝ አይበልጥም። «ደመወዝ» ማለት ግን መሠረታዊው ብቻ ነው። 18,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 600፣ በ21 ሲባዛ 12,600 ድርሃም በዓመት። በጠቅላላው 34,800 ያሰላ ሰው 24,360 ጠብቆ ግማሹን ያገኛል። መሠረታዊው ትንሽ፣ አበሉ ትልቅ የሆነ ኦፈር ለምን እንደሚረክስ እዚህ ላይ ይታያል። አንዳንድ አየር መንገዶች በዚህ ፈንታ የራሳቸው የቁጠባ ፈንድ ስላላቸው የትኛው እንደሚሠራ ይጠይቁ።

258,800 ሲደመር 12,600፣ 271,400 ድርሃም፤ 73,900 ዶላር ገደማ። 113,700 የነበረው እዚህ ደረሰ፤ ያውም ምግብ፣ መኪናና ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ሳይነካ። ኦፈሩ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ የሚወዳደረው ቁጥር ይህኛው ነው ማለቴ ነው። በተጨማሪም ዱባይ ውስጥ ኪራይ ብዙ ጊዜ ለዓመት የሚሆን ጥቂት ቼክ ተጽፎ በቅድሚያ ነው የሚከፈለው። የቤት አበሉ በየወሩ እየተከፋፈለ የሚመጣ ከሆነ የመጀመሪያውን ቼክ ከየት እንደሚሞሉ አስቀድመው ያስቡ፤ የቅድሚያ ክፍያ የሚሰጡ ኩባንያዎች አሉ።

የራስዎን የአሁን ደመወዝም በዚሁ ወንፊት ያሳልፉት። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሰንጠረዥ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል፤ አቋራጩ ስሌት ጠቅላላውን በ0.35 አባዝቶ 2,050 መቀነስ ነው። ለስሌት ብቻ ግብር የሚከፈልበት 150,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ብንይዝ ግብሩ 50,450፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ 10,500፣ እጅ ላይ የሚቀረው 89,050 ብር ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ፣ 16,500 ብር፣ በተለየ መስመር ይጻፍ። ከዚያ የአዲስ አበባ ኪራይዎንና የልጆች ትምህርት ቤት ይቀንሱ፤ እንደ ዱባዩ ማለት ነው። የራስዎ ቤት ካለዎት ያ ራሱ ደመወዝ ነው፤ ሌላው ኦፈር ኪራይ ሲያስወጣዎት ይሄኛው አያስወጣም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የጉዞ አበል ካለዎት ሙሉውን አይደምሩ። አበሉ የተሰጠው ሌይኦቨር ላይ (በጉዞ መካከል ውጭ ሲያድሩ) ለሚበሉት ነው፤ ባለፉት ስድስት ወራት ምን ያህል እንደተረፈ አስልተው ያንን ብቻ ያስገቡ።

ምንዛሪው ላይ አንድ ቀን አይርሱ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው ያን ቀን ነው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የወጣን ፔይስሊፕ በዛሬ ምንዛሪ የሚቀይር ወይም የዛሬውን በድሮው የሚቀይር ሰው ሠንጠረዡን በሙሉ ያበላሻል። እያንዳንዱን ወረቀት በራሱ ወር ምንዛሪ ይቀይሩ፤ የምንዛሪውን ቀንም አጠገቡ ይጻፉ።

አሁን ሦስት የዓመት ትርፎች አሉዎት። የመጨረሻው ማካፈያ የሥራ ቀን ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በኤምሬቶቹ ምሳሌ በወር 20 ቀን ለ11 ወር ቢሠሩ 220 ቀን ነው፤ 73,900 ለ220 ሲካፈል ለአንድ የሥራ ቀን 336 ዶላር ይሆናል። ሌላ ኩባንያ 68,000 ብቻ አስቀርቶልዎት 176 ቀን ቢያሠራ ለቀኑ 386 ዶላር ነው፤ 44 ቀን ተጨማሪ ከልጆችዎ ጋር ያድራሉ። የሥራ ቀን ሲቆጥሩ ሲሙሌተር፣ ግራውንድ ስኩል፣ ቤት ሆነው የጠበቁት ስታንድባይ ሁሉ ይገባል። በተለይ «ዴይ ኦፍ» እንዴት እንደተተረጎመ ኮንትራቱ ላይ ያንብቡ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አርፈው ንጋት ላይ ቤት የገቡበት ቀን እንደ እረፍት የሚቆጠርበት ኩባንያ አለ፤ ሙሉ ሁለት ሌሊት ቤት ካላደሩ አይቆጠርም የሚልም አለ። በወር 10 እረፍት የሚሉ ሁለት ኦፈሮች በዚህ አንድ ትርጉም ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ይለያያሉ።

ቦንዱን (ቀድመው ቢለቁ የሥልጠናውን ወጪ የሚመልሱበትን ውል) ለብቻው ያስሉት። አዲሱ ኩባንያ ለታይፕ ሬቲንግ (ለአንድ የአውሮፕላን ዓይነት የሚሰጥ የማብረር ፈቃድ) 30,000 ዶላር የ36 ወር ቦንድ ካስፈረመና ዕዳው በየወሩ የሚቀንስ ከሆነ፣ በ24ኛው ወር ሲለቁ ቀሪው 10,000 ነው። «እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉው» የሚል ከሆነ ግን በ35ኛው ወርም 30,000 ይጠየቃሉ። አሁን ካሉበት ኩባንያ የቀረ የሥልጠና አገልግሎት ግዴታ ካለብዎትም ያ ገንዘብ ከአዲሱ ኦፈር የመጀመሪያ ዓመት ላይ ይቀነሳል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያስገባ ነው «እጥፍ ይከፍላሉ» የሚለው። የጤና ማረጋገጫ ቢታገድብዎት ወይም ኩባንያው ራሱ ቢቀንስዎት ቦንዱ ይሰረዛል ወይ የሚለው ካልተጻፈ አልተሰረዘም ብለው ይያዙት።

ግሩፑ ውስጥ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይዘው ባሕረ ሰላጤው ላይ የሚበርሩ ካሉ «ከግብር ነጻ» የሚለው ለእነሱ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። አሜሪካ ዜጋዋንና ነዋሪዋን የትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ታስከፍላለች። በውጭ አገር ለተገኘ የሥራ ገቢ ያለው ነጻ መጠን ለ2025 እስከ 130,000 ዶላር ቢሆንም፣ በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ሲበርሩ ያለፈው ጊዜ በውጭ አገር እንደተሠራ አይቆጠርም፤ የዚያ ክፍል ደመወዝ ከነጻው ይወጣል። የረጅም ርቀት አብራሪ ሎግቡኩን ይዞ ይህን ድርሻ ማስላት ይኖርበታል።

ወደ ወረቀቶቹ ልመለስ። ስለ ራስ ደመወዝ መናገርና የኩባንያን ሰነድ ማሰራጨት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ በጾታ፣ በዘርና በመሳሰለው ምክንያት የደመወዝ ልዩነት አለ ወይ ብሎ ለማወቅ የሚደረግን ንግግር የሚከለክል የውል አንቀጽ አያስፈጽምም። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ያወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ተመሳሳይ ጥበቃ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚጠቅሰው የ1935ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ለአየር መንገድ አይሠራም፤ አየር መንገዶች በ1926 ለባቡር ወጥቶ በ1936 ወደ እነሱ በተስፋፋው ሕግ ሥር ናቸው። እዚያ ግን ጭንቀቱም ያነሰ ነው፤ ደመወዙ በማኅበር ድርድር ተወስኖ በሰንጠረዥ ስለሚወጣ የግል ፔይስሊፕ መለጠፍ ምንም አይጨምርም። ኤምሬቶች ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ ሁሉም በግል ውል ነው፤ በሥራ ምክንያት የተገኘ ሚስጥራዊ መረጃን በኢንተርኔት መግለጽም በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። በስምዎ የተጻፈ ኦፈር ሌተር ላይ የሚስጥር አንቀጽ ካለ ፎቶውን መለጠፍ ሥራውን ሳይጀምሩ ሊያሳጣዎት ይችላል። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሌሎች ባልደረቦች ስም ያለበትን ሮስተር (የበረራ ምደባ ሰሌዳ) መለጠፍ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የእነሱን መብትም ይነካል። ማኑዋል፣ የክሩ ዝርዝር፣ ፓስፖርት፣ ላይሰንስና ሜዲካል ሰርተፊኬት በምንም ምክንያት ግሩፕ ላይ አይወጡ።

ግሩፑ እንዲህ ቢያደርግ ይሻለው ነበር። አንድ የሚታመን ሰው ኢሜይል የማይሰበስብ የጉግል ፎርም ይክፈት። የሚጠየቀው፦ አገር፣ የአውሮፕላኑ ምድብ (ጠባብ ወይም ሰፊ አካል)፣ ካፒቴን ወይም ረዳት፣ የአገልግሎት ዓመት፣ መሠረታዊ ደመወዝ ከነመገበያያው፣ የዋስትና ሰዓትና የሰዓት ዋጋ፣ የቤትና የትምህርት አበል፣ ባለፈው ዓመት የተሠራ ቀን፣ ቦንድ፣ ቁጥሩ የጸናበት ሩብ ዓመት። ውጤቱ ለሁሉም ሲወጣ መልሶቹ አንድ በአንድ ሳይሆን ዝቅተኛው፣ መካከለኛውና ከፍተኛው ብቻ ይታይ። ከአምስት ሰው በታች የመለሰበት ምድብ ጨርሶ አይውጣ። ኤክሴል በቀጥታ አይላክ፤ የተደበቀ ገጽና የደራሲው ስም አብሮ ይሄዳል።

ቁጥሩን ማድበስበስ የሚረሳ ነገር ነው። ስምዎን አጥፍተው «83 ሰዓት ከ47 ደቂቃ» ብለው ከጻፉ፣ የኩባንያዎ የደመወዝ ክፍል በዚያ ወር ያን ያህል የበረረውን በአንድ ማጣሪያ ያገኘዋል፤ አንድ ሰው ነው የሚወጣው። 85 ይበሉ። የተጣራውን ደመወዝም ወደ ቅርቡ ሺህ ያጠጋጉ፤ ወሩን ትተው ሩብ ዓመቱን ይጻፉ። ለንጽጽሩ ምንም አይጎድልበትም።

ወረቀት ራሱ በማስረጃነት የግድ ከተፈለገ ይህን ሥርዓት ይከተሉ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል መሰረዝ አይደለም፤ ጽሑፉ ከሥሩ አለ፤ መርጦ ኮፒ ያደረገ ያነበዋል። በ2009 የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር የራሱን የፍተሻ መመሪያ በዚህ መንገድ አጥቁሮ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ የተሸፈነው ሁሉ ተነቧል። በስልክ ብዕር መቀባትም አይታመንም፤ ማድመቂያ ቀለም ብርሃኑ ሲጨመር ከሥሩ ያሳያል፤ ማደብዘዝም ሊገለበጥ ይችላል። ስክሪንሾት መቁረጥ እንኳ በ2023 በጉግል ፒክስልና በዊንዶውስ 11 መቁረጫ ላይ የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ ሊመለስ እንደሚችል ተገኝቶ ነበር፤ በኋላ በአፕዴት ተስተካክሏል፤ ቀድሞ የተላከው ግን እንደተላከ ነው።

አስተማማኙ የድሮው ዘዴ ነው። ያትሙት፤ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ባንክ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ባርኮድና የገጹን ግርጌ በመቀስ ቆርጠው ያውጡ። ግርጌውን የምለው ብዙ ፖርታሎች ሰነዱን ያወረደውን ሠራተኛ ቁጥርና ሰዓት በትንሽ ፊደል እዚያ ስለሚጽፉ ነው። የቀረውን በጥቁርና ነጭ ስካን ያድርጉ፤ ከለር ሌዘር ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ለዓይን የማይታዩ ቢጫ ነጠብጣቦች ያትማሉ፤ የማሽኑን መለያና ሰዓቱን ይይዛሉ። የፋይሉን ስም ይቀይሩ፤ «ፔይስሊፕ» ከስምዎ ጋር ተጽፎ ይቀራልና። ፎቶ ከሆነ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ይላኩት እንጂ እንደ ፋይል አይላኩት፤ እንደ ፋይል ሲላክ የተነሣበት ቦታና ሰዓት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከመላክዎ በፊት ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ጨምረው ይዩት፤ ፒዲኤፍ ከሆነ ሁሉንም መርጠው ኮፒ አድርገው ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፉት፤ የራስዎን መለያ ቁጥርም ይፈልጉበት። በተቃራኒው ሰው የላከልዎትን ሲከፍቱ «ኮንትራት» ተብሎ ኤፒኬ (የስልክ አፕ መጫኛ) ሆኖ የመጣ ፋይል ኮንትራት አይደለም፤ አይጫኑት።

ኦፈሩ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ለቀጣሪው በኢሜይል ይህን ይጠይቁ፦ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያው በየትኛው መስመር ላይ ይሰላል? በፈቃድና በሥልጠና ወር የሰዓት ዋስትና አለ? የመጀመሪያው ደመወዝ ከሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ነው ወይስ የላይን ቼክ (በመደበኛ በረራ ላይ የሚሰጥ የመጨረሻ ፈተና) ካለፈ በኋላ? የትምህርት አበሉ ለስንት ልጅ፣ እስከ ስንት ድርሃም፣ ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ? ቦንዱ በየወሩ ይቀንሳል? ለሁሉም መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። በስልክ ከመለሱልዎ «በስልክ እንደተነጋገርነው» ብለው ያንኑ በኢሜይል ጽፈው ይላኩላቸውና ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ ያ ኢሜይል እስከ መጨረሻው የአገልግሎት ቀንዎ ከግል ኢሜይልዎ ውስጥ ይቀመጥ፤ የኩባንያው ኢሜይል በለቀቁ ዕለት ይዘጋልና።